በኢንተርኔት የተወሰደ የቅድመ ሕክምና ትምህርት ተቀባይነት አለው? ከካርቱም ዐማራት የሚነሳ ጥያቄ

ዐማራት ከካርቱም ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምዕራብ የሚገኝ፣ መንገዶቹ ከስም ይልቅ በቁጥር የሚታወቁ ሰፈር ነው። ኤምባሲዎች፣ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቢሮዎች እና የግል ክሊኒኮች ለረዥም ጊዜ የሰፈሩ መለያ ሆነው ቆይተዋል። አጠገቡ ባለው ደይም ደግሞ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለበርካታ ዓመታት ኖረዋል፤ ምግብ ቤት ከፍተዋል፤ ልጆቻቸውን አስተምረዋል።

ልጁ ሐኪም እንዲሆንለት የሚሻ የካርቱም ቤተሰብ፣ ሱዳናዊም ይሁን ሐበሻ፣ እአአ ከ2020 ወዲህ ከአንድ ጥያቄ ጋር ሁለት ጊዜ ተፋጥጧል። መጀመሪያ በኮሮናቫይረስ ወረርሽኝ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ በጦርነት ምክንያት የመማሪያ ክፍሎች ተዘጉ። የቀረው አማራጭ በኢንተርኔት፣ በተለምዶ ኦንላይን በሚባለው መንገድ መማር ሆነ። ለመሆኑ በስልክ ወይም በኮምፒውተር የተወሰደን የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ትምህርት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ይቀበሉታል?

አጭሩ መልስ፣ በወረርሽኙ ወቅት የተወሰደውን ብዙዎቹ ተቀብለዋል፤ ሆኖም የተቀበሉት ከቅድመ ሁኔታ ጋር ነው የሚል ነው። ረዥሙ መልስ ግን ለተማሪው የበለጠ ይጠቅመዋል። አንድ ትምህርት ቤት "ተቀብያለሁ" ማለቱ ቀጣዩን ትምህርት ቤትም ሆነ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠውን አካል አያስገድድም።

ቅድመ ሕክምና ትምህርት ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄው በየአገሩ የተለያየ መልክ አለው። በአሜሪካ ሕክምና የሚጠናው በአብዛኛው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። አመልካቹ ኮሌጅ ሳለ ባዮሎጂ፣ አጠቃላይና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ እንዲሁም ፊዚክስ ከነቤተ ሙከራቸው መውሰድ ይጠበቅበታል። የትኞቹ ኮርሶች ግዴታ እንደሆኑ የሚወስነው ግን እያንዳንዱ የሕክምና ትምህርት ቤት ለየራሱ ነው። ስለዚህም በኢንተርኔት ስለተወሰዱ ኮርሶች ለሁሉም የሚሠራ አንድ መልስ አልነበረም።

በሱዳን ተማሪው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ውጤቱን ይዞ በቀጥታ ወደ ሕክምና ፋኩልቲ ይገባል። መሠረታዊ የሳይንስ ትምህርቶችን የሚወስደው እዚያው በመጀመሪያዎቹ መንፈቀ ዓመታት ነው። በመሆኑም ቅድመ ሕክምናው ጥያቄ የሚሆነው በተለይ ተማሪው ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ሌላ አገር ለመዛወር ሲነሳ ነው።

ኢትዮጵያ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመትን፣ ማለትም ፍሬሽማን የሚባለውን፣ መልሳ አስጀምራለች። ተማሪዎች የጋራ ኮርሶችን ወስደው በውጤታቸው ሕክምናን ወደመሳሰሉ መስኮች ይደለደላሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም በሳይንስ ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ይቀበል ነበር። በሦስቱም አገሮች መንገዱ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው፦ ወደ ሕመምተኛ ከመቅረብ በፊት የሳይንስ መሠረት ሊኖር ይገባል።

ወረርሽኙ ሲመጣ ካርቱምና አዲስ አበባ ምን አደረጉ?

ሱዳንና ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮሮናቫይረስ ተጠቂ ያስታወቁት በአንድ ቀን ነው፤ መጋቢት 4፣ 2012 ዓ.ም.። በሁለቱም አገሮች ትምህርት የተቋረጠው ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። የካርቱም ግዛት ከሚያዝያ 10 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የእንቅስቃሴ ገደብ ውስጥ ገባ።

ለካርቱም ተማሪዎች ይህ የመጀመሪያው መስተጓጎል አልነበረም። እአአ በታኅሣሥ 2018 የተቀሰቀሰው ሕዝባዊ ተቃውሞ ዩኒቨርሲቲዎችን ለወራት ዘግቶ ነበር። ወረርሽኙ የመጣው ያለፈውን ትምህርት ለማካካስ ሩጫ ላይ ሳሉ ነው። እናም አንዳንድ ተማሪዎች ገና ሕክምናውን በወጉ ሳይጀምሩ ዓመታቸው ተቃጠለ።

ኢትዮጵያ በመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ረገድ የመረጠችው መንገድ በዋናነት ማዘግየትን ነበር። ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሸኙ፤ ንባብ በርቀት እንዲደርሳቸው ጥረት ተደረገ፤ ክፍሎች ዳግም ሲከፈቱም ከተመራቂዎች ጀምሮ በዙር ተጠርተው ያቋረጡትን ቀጠሉ። በዚያ ዓመት ፍሬሽማንን የጀመሩት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የሕክምና ድልድላቸው በጊዜ ተገፋባቸው። በአንጻሩ የተማሩት ትምህርት "በኢንተርኔት ነው ወይስ በክፍል?" የሚል ጥያቄ እምብዛም አልተከተላቸውም።

ሁለቱ መንገዶች የየራሳቸው ዋጋ አላቸው። ማዘግየት የተማሪውን ዕድሜና የቤተሰቡን ገንዘብ ይበላል። በኢንተርኔት መቀጠል ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን በኋላ ሊመረመር የሚችል ማስረጃ ትቶ ያልፋል።

አሜሪካ የት ድረስ ለቀቀች?

በ2020 የጸደይ ወራት የአሜሪካ ኮሌጆች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ኢንተርኔት ዞሩ። ብዙዎቹ ፊደላዊ ውጤት መስጠት ትተው "አልፏል" ወይም "አላለፈም" ብቻ የሚል ውጤት መዘገቡ። ከዚያ በፊት የተወሰኑ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በኢንተርኔት የተወሰደ የሳይንስ ኮርስን፣ በተለይም ቤተ ሙከራን፣ አይቀበሉም ነበር። ተማሪው ምርጫ ስላልነበረው ግን በርካቶቹ አቋማቸውን አለዘቡ።

ያለዘቡበት ሁኔታ ልብ ሊባል ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ፈቃዱ ለተወሰኑ መንፈቀ ዓመታት ብቻ የሚሠራ ነበር። ኮርሱን የሰጠው ተቋም እውቅና ያለው እንዲሆን ይጠበቃል። ኮርሱ ወደ ኢንተርኔት የዞረው ኮሌጁ በመዘጋቱ ነው ወይስ ተማሪው ራሱ መርጦት ነው የሚለውም ለብዙ ተቀባዮች ልዩነት ነበረው። ኮሌጁ ክፍት እያለ ቤተ ሙከራውን በኢንተርኔት የወሰደ ተማሪ በተመሳሳይ ዓይን ላይታይ ይችላል።

ፈተናውም ቢሆን አልቀረም። ለአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች መግቢያ የሚሰጠው ኤምካት በወረርሽኙ መጀመሪያ ለሳምንታት ተሰርዞ ነበር። በግንቦት መጨረሻ ሲመለስ የፈተናው ቀን ከ7 ሰዓት ተኩል ወደ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ለጊዜው አጠረ። አጠረ እንጂ አልተሻረም። ኮርሶች የሚሰጡበት መንገድ ሲላላ ሁሉንም በአንድ መለኪያ የሚመዝነው ፈተና የበለጠ ክብደት ያገኛል።

ጣሊያን እአአ በመጋቢት 2020 የወሰደችው እርምጃ ለማነጻጸር ይረዳል። ሐኪም ሲያጥራት ለሕክምና ምሩቃን ይሰጥ የነበረውን የመንግሥት ፈተና አስቀርታ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ወጣት ሐኪሞች ቶሎ ወደ ሥራ እንዲገቡ አደረገች። እነዚህ ግን የሆስፒታል ልምምዳቸውን ያጠናቀቁ ነበሩ። የቀረላቸው በመጨረሻው በር ላይ ያለ ፈተና ነው፤ ከበሩ በፊት ያለው ትምህርት አልተነካም።

ክርክሩ ለምን ቤተ ሙከራ ላይ ይቆማል?

የሕዋስን አሠራር ወይም የአሲድና የቤዝን ጠባይ በቪዲዮ ማስተማር ይቻላል። ጎበዝ መምህር በኢንተርኔት የሚሰጠው ትምህርት 300 ተማሪ በታጨቀበት አዳራሽ ከሚሰጠው ሊሻልም ይችላል። ስለዚህ በንድፈ ሐሳብ ኮርሶች ላይ ክርክሩ ቀስ በቀስ ረግቧል።

ቤተ ሙከራው ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። ተማሪው ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ ሲለካ እጁ ይለምዳል፤ ማይክሮስኮፕ ሲያስተካክል ዓይኑ መለየት ይማራል፤ ውጤቱ ከተጠበቀው ሲርቅ የት እንደሳተ ይፈልጋል። ተቀርጾ በቀረበ ሙከራ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር በትክክል ይሠራል። ስህተት የሌለበት ሙከራ ደግሞ ስህተትን መፈለግ አያስለምድም።

ሁለተኛው ስጋት ፈተና ነው። ቤቱ ሆኖ የተፈተነ ተማሪ ወረቀቱን ራሱ መሥራቱን ማረጋገጥ ያስቸግራል። ይህ ስጋት በሐቀኛውም ተማሪ ላይ ጥላ ያጠላል።

ዩኒቨርሲቲዎች የሞከሯቸው መፍትሔዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ የቤተ ሙከራ ዕቃ ወደ ተማሪዎች ቤት ላኩ፤ ሌሎች በኮምፒውተር የሚሠሩ ምስለ ሙከራዎችን ተጠቀሙ። ንድፈ ሐሳቡን በኢንተርኔት አስተምረው የቤተ ሙከራውን ክፍል ግቢው ሲከፈት በተጨመቀ ጊዜ የሰጡም አሉ። ለተቀባዩ ትምህርት ቤት ይበልጥ አሳማኝ የሚሆነው ይህ የመጨረሻው ነው፤ የጎደለው በአካል መሞላቱ በማስረጃው ላይ ይታያልና።

ከሳይንስ ቤተ ሙከራ አልፎ ሆስፒታል ሲደረስ ጥያቄው ይጠነክራል። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር እአአ መጋቢት 17፣ 2020 ተማሪዎች ሕመምተኛን በቀጥታ ከሚያገኙበት ልምምድ ለጊዜው እንዲቆጠቡ ሲመክር ልምምዱን ለማቋረጥ እንጂ በቪዲዮ ለመተካት አልነበረም።

በሱዳን ጊዜያዊው ለዓመታት ሲዘልቅ

የወረርሽኙ ፈቃዶች የተሰጡት ክፍሎች በወራት ውስጥ ይከፈታሉ ተብሎ ነው። በካርቱም ይህ ስሌት አልሠራም። ሚያዝያ 7፣ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር እና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያ ሲቀሰቀስ ካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ከመጀመሪያዎቹ የፍልሚያ ስፍራዎች አንዱ ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው ጎረቤት የሆነው ዐማራትም በአንድ ጊዜ የጦር ቀጠና ውስጥ ወደቀ። ነዋሪዎቹ ከቻሉ ሸሹ፤ ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን አስወጡ። ብዙ ሰዎች፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ።

ዩኒቨርሲቲዎች ግቢያቸውን፣ ቤተ ሙከራቸውንና የማስተማሪያ ሆስፒታሎቻቸውን በአንድ ጊዜ አጡ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ እአአ በ1924 የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት በሚል ስም የተከፈተ ነው። መቶኛ ዓመቱ የደረሰው ተማሪዎቹና መምህራኑ በየአገሩ ተበትነው ሳለ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ የተለመደው የኢንተርኔት ትምህርት አሁን ተቋማቱ የሚተነፍሱበት ብቸኛ ቀዳዳ ሆነ።

ሌላ መንገድ የፈለጉም አሉ። መቀመጫውን ካርቱም ያደረገው የሕክምና ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከሩዋንዳ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ እአአ በነሐሴ 2023 ወደ 160 የሚጠጉ የሕክምና ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን በሩዋንዳ እንዲቀጥሉ አድርጓል። ይህ እርምጃ ሕክምና ሙሉ በሙሉ በስክሪን ሊጠናቀቅ እንደማይችል ያሳያል። ንድፈ ሐሳብ በኢንተርኔት ሊደርስ ይችላል፤ ሆስፒታል ግን ተማሪው ሄዶ የሚያገኘው ነው።

ተቀባዮቹ እነማን ናቸው?

ተማሪው በአንድ ሳይሆን ቢያንስ በሦስት በሮች ማለፍ አለበት። የመጀመሪያው የሚማርበት ወይም የሚዛወርበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛው በአገሩ ዲግሪውን የሚያረጋግጠውና ፈቃድ የሚሰጠው አካል ነው። ሦስተኛው ወደፊት ሊሠራበት የሚሻው አገር ተቆጣጣሪ ነው። አንዱ በር መከፈቱ ሌላውን አይከፍትም።

ህንድ የዚህ ግልጽ ምሳሌ ናት። በቻይና የሚማሩ በርካታ ህንዳውያን የሕክምና ተማሪዎች በወረርሽኙ ምክንያት መመለስ አቅቷቸው በኢንተርኔት ይማሩ ነበር። የህንድ ብሔራዊ የሕክምና ኮሚሽን እአአ በየካቲት 2022 በኢንተርኔት ብቻ የተወሰደ የሕክምና ትምህርት እውቅና እንደሌለው አስታወቀ። በዚያው ወር የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ህንዳውያን ተማሪዎች ተመሳሳይ ችግር ገጠማቸው። ኮሚሽኑ በሐምሌ ወር መውጫ አበጀ፦ በመጨረሻ ዓመት ላይ ሳሉ ተመልሰው ዲግሪያቸውን እስከ ሰኔ 30፣ 2022 ያገኙ ተማሪዎች የፈቃድ ፈተናውን መውሰድ ይችላሉ፤ የተለመደው የአንድ ዓመት ልምምድ ግን ለእነሱ ሁለት ዓመት ይሆናል። የጎደለው የተግባር ትምህርት ይቅር አልተባለም፤ በሌላ ጊዜ እንዲከፈል ተደረገ።

ለሱዳናውያን ሐኪሞች የተለመደ መዳረሻ የሆነችው ብሪታኒያም የራሷ መለኪያ አላት። የብሪታኒያ ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት በመደበኛ መስፈርቱ ቢያንስ 5,500 ሰዓታት ትምህርት ይጠይቃል። ከትምህርቱ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ በርቀት ወይም ዲግሪውን ከሰጠው አገር ውጪ የተወሰደ መሆን እንደሌለበትም ያስቀምጣል። ለአንድ መንፈቀ ዓመት በኢንተርኔት የተማረ ሰው ከዚህ መስመር ሩቅ ነው። ቅድመ ሕክምናውን በወረርሽኙ፣ ቀጣዮቹን ዓመታት በጦርነቱ ምክንያት በኢንተርኔት ወይም በስደት የተማረ ግን ሰዓቱን መቁጠር ይኖርበታል።

አሜሪካ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ የውጭ አገር ምሩቃን የተማሩበት ተቋም እውቅና ባለው አካል የተረጋገጠ መሆኑን ትመለከታለች። የሱዳን የሕክምና ምክር ቤት ከጦርነቱ በፊት ከዓለም የሕክምና ትምህርት ፌዴሬሽን እውቅና ያገኘ መሆኑ ለሱዳን ተማሪዎች ትልቅ ስንቅ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የሚመለስ ተማሪ ደግሞ የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃን አቻነት የሚመረምረውን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን በር ያንኳኳል።

ኔትወርክ ያለው ያልፋል፣ የሌለው ይቀራል?

"በኢንተርኔት የተወሰደ ይቆጠራል" የሚል ውሳኔ ኢንተርኔት መኖሩን ታሳቢ ያደርጋል። በቀጠናው ይህ አስተማማኝ አልነበረም። በሱዳን እአአ ጥቅምት 25፣ 2021 ከተካሄደው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንታት በላይ ተቋርጧል። በየካቲት 2024 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከኔትወርክ ውጪ ሆኖ ነበር።

ኢትዮጵያም ከዚህ አላመለጠችም። በወረርሽኙ መሐል፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቷል። ትግራይ በጦርነቱ ጊዜ ከግንኙነት መስመር ተቆርጣ ቆይታለች። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ ነበር።

ስለዚህ ከመተማ ማዶም ሆነ ወዲህ ያለ ተማሪ አንድን ኮርስ ሳይጨርስ የቀረው ሰንፎ ላይሆን ይችላል። በውጤት ማስረጃው ላይ የሚታየው ግን ባዶ ቦታ ወይም "አልተጠናቀቀም" የሚል ቃል ብቻ ነው። ምክንያቱን የሚያብራራ ሰነድ ካልተያያዘ የሩቁ መርማሪ ሊያውቀው አይችልም። ፍትሐዊ የሆነ ተቀባይ ኮርሱ በምን መንገድ እንደተሰጠ ብቻ ሳይሆን ተማሪው በምን ሁኔታ እንደተማረም ይጠይቃል።

ተማሪውና ቤተሰቡ ምን ቢይዙ ይሻላል?

በዝውውርም ሆነ በማመልከቻ ወቅት ወረቀት ከቃል ይበልጣል። የመጀመሪያው አስፈላጊ ነገር የውጤት ማስረጃ፣ ማለትም ትራንስክሪፕት ነው። ሁለተኛው የእያንዳንዱ ኮርስ ዝርዝር ይዘት ሲሆን የንድፈ ሐሳብና የቤተ ሙከራ ሰዓታቱ ተለያይተው ቢሰፍሩ ይመረጣል። ሦስተኛው ትምህርቱ ወደ ኢንተርኔት የተዛወረው በወረርሽኝ ወይም በጦርነት ምክንያት መሆኑን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደቆየም የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ነው። ቤተ ሙከራው ወይም የሆስፒታል ልምምዱ በኋላ በአካል ተሟልቶ ከሆነ ይህም ከነቦታውና ቀኑ መጻፍ አለበት።

ከመመዝገብ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎችም አሉ። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የኢንተርኔት ኮርስን የሚቀበለው ለየትኞቹ ዓመታት ነው? ቤተ ሙከራን ይጨምራል? "አልፏል" የሚል ውጤት ይበቃዋል ወይስ ፊደል ይሻል? ዲግሪውን በስሙ የሚሰጠው የትኛው ተቋም ነው፣ በየትኛው አገር? መልሱ በጽሑፍ ሊገኝ ይገባል። የደላላ ወይም የወኪል ቃል ከሦስቱ በሮች አንዱንም አይከፍትም። መስፈርቶችም ስለሚለዋወጡ የሚታመነው የተቋሙ የራሱ ወቅታዊ መረጃ ነው።

የጎደለ ቤተ ሙከራ ያለበት ተማሪ ያንን ኮርስ ብቻ በአቅራቢያው ባለ እውቅና ያለው ዩኒቨርሲቲ በአካል መውሰድ ይችል እንደሆነ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። አንድ መንፈቀ ዓመት አሁን መድገም ከዓመታት በኋላ ሙሉ ዲግሪ ጥያቄ ውስጥ ሲገባ ከማየት ይቀላል።

በመተማ በኩል ለሚሻገር ሰው በመንገዱ ላይ ቀድሞ የሚያገኘው ትልቅ የሕክምና ትምህርት ተቋም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ተቋሙ መነሻው በ1940ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው፤ ኮሌጁ ተማሪዎችን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እየላከ በሥራ ላይ ያሠለጥን ነበር። ከካርቱም ሰነድ ይዞ የሚመጣ ተማሪ እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ የሚጠየቀው ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ምን ተማርክ፣ በእጅህስ ምን ሠራህ? የመጀመሪያውን ጥያቄ በኢንተርኔት የተገኘ ማስረጃ ሊመልስ ይችላል። ለሁለተኛው ግን ቤተ ሙከራና ሆስፒታል የሰጡት ማስረጃ ያስፈልጋል።